እቴቴ ስለ ዓይኔ፣ ሐኪሙ ስለ ከንፈሬ

አፌ በጎዝ ስለተወተፈ ዛሬ የሚያወራው ጣቴ ነው። አዎ፣ ያቺ ስንት ጊዜ እዚህ ያለቀስኩባት የታች ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ ወጣች። ተገላገላችሁ።

ወጣች ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። በጎኗ ተጋድማ ስለነበር ድዱ ተከፍቶ፣ አጥንቱ ተሞርዶ፣ እሷም ለሁለት ተቆርጣ ነው። ሕመም የለውም፤ ድምፁ ግን ራስ ቅል ውስጥ ነው የሚጮኸው።

ከመግባቴ በፊት ሐኪሙ ራጁን ከፍቶ ከሥሯ በታች የሚያልፈውን ነርቭ አሳየኝ። የከንፈርና የአገጭ ስሜት በእሱ ነው የሚመጣው። ከተነካ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፤ ጨርሶ የማይመለስለት ግን ከ100 ሰው 1 እንኳ አይሞላም አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ። የሚገርመው፣ ልቤ ያረፈው ያኔ ነው። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ስትሉኝ የሰነበታችሁት ሁሉ እንዲህ አላረጋጋችሁኝም።

እቴቴ ደግሞ ትናንት ማታ ደውላ «ዓይንሽ ይጠፋል!» እቴቴ፣ የታች ጥርስ ነው እኮ። «የታችም የላይም ሥሩ አንድ ነው።»

ይህንንማ ሳልናገር አላልፍም። ታናሽ ወንድሜ ገና መዳህ ሳይጀምር ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ነው» ብላ በነጠላዋ ጠቅልላ አንዲት ሴትዮ ጋ የወሰደችው ይህችው እቴቴ ናት። ማደንዘዣ የለ፣ ጓንት የለ፤ ድዱን በሾለ ነገር ፈለፈሉት። «ይኸው ግጉ» ተብሎ የታየው ነጭ ነገር ገና ያልበቀለች የክራንቻ ጥርሱ ነበረች። ደም ፈሶት ወይ ቴታነስ ይዞት ሊቀር ይችል ነበር። ከሥሯ የነበረችው ቋሚዋም አብራ ተጎድታ ኖሮ፣ ልጁ ይኸው ጎልምሶ ፎቶ ሲነሳ በግራ በኩል አይስቅም። እቴቴ ግን «ያኔ ባላስወጣለት አይተርፍም ነበር» ባይ ናት። ያን ጊዜ ያልፈራች ሴት ዛሬ ራጅ ያነሳ፣ ጓንት ያጠለቀ ሐኪም ታስፈራኛለች! (እወድሻለሁ እቴቴ። ፌስቡክ ስለሌለሽ ነው የምደፍረው።)

ለማንኛውም አሁን የማስበው ስለ ረጋው ደም ነው። ጉድጓዱን የሸፈነው እሱ ነው፤ ከተነሳ አጥንቱ ይገለጥና በ3ኛው ቀን ገደማ ጆሮ ድረስ የሚወጋ ሕመም ይመጣል። ስለዚህ መትፋት የለም፣ በስትሮ መምጠጥ የለም፣ ሲጋራ የለም (አጭሼ አላውቅም፤ ሲከለከል አማረኝ)፣ እስከ 24 ሰዓት መጉመጥመጥ የለም፣ ትኩስ ነገር የለም። ጎረቤት ደግሞ ቡና እየተቆላ ነው። ሆን ብለው ነው።

«ሲያብጥብኝ አሞክሳሲሊን ገዝቼ እውጣለሁ» ላላችሁኝ ልጆች፦ እብጠቱ ይጎድል ይሆናል፣ ጥርሷ ግን እዚያው ናት፤ ተመልሳ ትመጣለች። አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ግን ነገ አይባልም። መተንፈሻ ይዘጋል፤ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ዝም ብላ የተቀመጠች መንጋጋ ያላችሁ ደግሞ በእኔ ደንግጣችሁ አትሩጡ። በእንግሊዝ የወጣው መመሪያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ችግር ያላመጣችን ጥርስ ለመከላከል ብላችሁ አትንቀሉ ይላል።

በቃ ደከመኝ። አገጬም እስካሁን አልተመለሰም። ማደንዘዣው መሆን አለበት።