አምባዛ በዓይኑ አያድንም፤ ከጫሞ ሐይቅ ዳር

አርባ ምንጭ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ሴቻ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይይ። በግራው አባያ፣ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ቀላ ያለ ውኃ፤ በቀኙ ጫሞ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፤ በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የምንለው ከፍታ። አባያ ከጫሞ 60 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን ወንዞቹ የሚያመጡለት ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ይዋልላል፤ መቅላቱም ከዚህ ነው። ዓሣ ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ትምህርቱን ከዚህ ቀለም ይጀምራል።

እኔ በዚህ ከተማ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወዳጆቼ «ሲስተር፣ ልጁ ዓሣ ላጥምድ እያለ አስቸገረን፤ ወዴት እንውሰደው?» ይሉኛል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ተራው የራሴ ሆነ። የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ አባቱ የገዛለትን የማጥመጃ ዘንግና አንዲት የምታብረቀርቅ የፕላስቲክ ዓሣ ይዞ መጣ። ጢም ያለውን ዓሣ በሥዕል አይቶታልና ከአምባዛ በቀር ሌላ ወሬ የለውም።

ጫሞ ላይ በማኅበር ከተደራጁት ጀልባ ነጂዎች አንዱ የፕላስቲኳን ዓሣ አገላብጦ አየና ሳቀ። «ይቺ የነጭ ዓሣ ናት ሲስተር። አምባዛ አያያትም።»

ልክ ነው። ነጭ ዓሣ፣ ሌላው አገር ናይል ፐርች የሚለው፣ በዓይኑ እያየ የሚያድን ነው። እሱን የሚፈልጉ ሰዎች ሞተሩን ዝግ አድርገው፣ ከሰው እርምጃ ትንሽ ፈጠን ባለ ጉዞ፣ ከጀልባው ኋላ ረጅም ክር ለቀው የፕላስቲክ ዓሣ ይጎትታሉ። የምትሸሽ ትንሽ ዓሣ ትመስለውና ይወረወርባታል። ይህ ዘዴ ውኃው ጠራ ባለበት በጫሞ ይሠራል፤ በደፈረሰው አባያ ግን ክር ሲጎትቱ መዋል ነው። ሽማግሌዎቹ አጥማጆች ከጫሞ ሰው የሚያህል ነጭ ዓሣ ይወጣ እንደነበር ይተርካሉ። ዛሬ እንዲያ ያለው ብርቅ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ ግን አሁንም ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ትንሹን ካልተውነው ትልቁ ከየት ይመጣል?

አምባዛ ሌላ ፍጥረት ነው። ዓይኑ ትንሽ፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ በአፉ ዙሪያ 8 ጢም ያለው፣ ኑሮው ከጭቃው አጠገብ። ምግቡን በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ያገኛል። ስለዚህ ለእሱ የሚያብረቀርቅ ሳይሆን የሚሸት ነገር ያስፈልጋል። የአካባቢው አጥማጆች በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ አንጠልጥለው፣ በየመንጠቆው ቁራጭ ዓሣ ሰክተው ማታ ይጥላሉ፤ ጠዋት ሄደው ያነሳሉ።

ልጁ ይህን ሲሰማ «አምባዛ የሌሊት ዓሣ ነው» የምትለውን ብቻ ለይቶ ያዘ። «አያቴ፣ አንድ ሌሊት ብቻ እንሂድ» እያለ ሁለት ቀን ለመነኝ፤ ሁለተኛውን ቀን አኩርፎ እራት አልበላም አለ። እኔም አልተበገርኩም። አዞ በብዛት የሚያድነው ሌሊት ነው። ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውኃ የሚወጣውም ሌሊት ነው። የወባ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ትነድፋለች፤ አርባ ምንጭ ደግሞ ቆላ ነው። በሥራ ዘመኔ አመሻሽ ላይ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ ሲያጥብ አዞ እግሩን የያዘውን አንድ ጎረምሳ ቁስል አጥቤ አሽጌያለሁ። ጓደኞቹ ጎትተው ባያስጥሉት እኔ ዘንድም አይደርስም ነበር። በግንቦት 2010 ዓ.ም. አባያ ዳር ሰው ሲያጠምቁ የነበሩ ሰባኪ በአዞ መገደላቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያ የሆነው በቀን ነው። የልጅ ኩርፊያ በማግስቱ ይለቃል።

ያስታረቀን ጀልባ ነጂው ነው። «ጠዋት ጎህ ሲቀድ እንውጣ። ትናንት ዘንቧል፤ ውኃው ሲደፈርስ አምባዛ በቀንም ይበላል። ግን ማንም ከጀልባ አይወርድም» አለ። ለልጁ የተንሳፋፊ ጃኬት አጠለቅንለት፤ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ልጅ አይሳፈርም፣ ባለጀልባው የፈለገውን ይበል።

ሦስት ዓይነት የመንጠቆ ምግብ ይዘን ነበር። የምድር ትሉን ትናንሽ ቆሮሶዎች ለቃቅመው ጨረሱት። የዶሮ አንጀቱ ሽታው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ስለሚለሰልስ ከመንጠቆው ይሾልካል፤ በክር ካልታሰረ አይቆይም። ያዋጣን ከነቆዳው የተቆረጠ የቆሮሶ ሥጋ ነው። ቆዳው መንጠቆውን ይይዛል፣ ሥጋው ይሸታል። አንድ ቀን ቢያድር ይሻላል፤ የበሰበሰ ግን ይፈርሳል።

መጎተቱንም ጀልባ ነጂው በራሱ መንገድ አደረገው። ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባውን ለለስላሳው የጠዋት ነፋስ ተወው። ክሩ ላይ እርሳስ ስለታሰረበት ሥጋው ከታች ጭቃውን እየታከከ በቀስታ ይከተለን ጀመር። ለአምባዛ የሚሆነው መጎተት ይኸው ነው፤ ፍጥነት የለውም። ከሰዓት በኋላ ጫሞ ላይ ነፋሱ በርትቶ ማዕበል ስለሚያስነሳ ይህን ማድረግ የሚቻለው በጠዋት ብቻ ነው። አምባዛ መጀመሪያ ነካ ነካ ያደርጋል። ያኔ ክሩን መንጠቅ አይገባም፤ ይዞ በእርጋታ መሄድ ሲጀምር ነው ዘንጉን ቀና የሚያደርጉት። የልጅ ልጄ ሁለቴ ቸኩሎ አመለጠው፤ በሦስተኛው እጁን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ሲጠብቅ ሳየው አባቱን መሰለኝ።

የወጣው ከ2 ኪሎ ጥቂት የሚያልፍ ነበር። እዚህ ላይ አያቶች ልብ በሉ። አምባዛ አየርም ስለሚተነፍስ ከውኃ ወጥቶ ቶሎ አይሞትም፤ ጀልባው ውስጥ ይፈራገጣል። በጎንና በጎኑ ካለው ክንፍ ፊት ጠንካራ አጥንት አለ፣ እጅን እንደ ወስፌ ይወጋል። በወፍራም ጨርቅ ከራሱ በስተኋላ ይያዝ፣ መንጠቆውንም ትልቅ ሰው በፒንሳ ያውጣ። መንጠቆ ጣት ውስጥ እስከ እሾሁ ከገባ ወደ ኋላ መጎተት ሥጋ መቅደድ ነው። ክሩን ቆርጣችሁ፣ እንዳይነቃነቅ ደግፋችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ጠይቁ። የተረፈውን ሥጋና የዓሣ አንጀት ዳር ላይ አትጣሉ፤ ልጆች ወደሚቆሙበት አዞ መጥራት ነው።

ከዚያ የመብሉ ነገር መጣ። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ኦሪት ስለሚከለክል አምባዛን በቤታቸው የማያስገቡ ብዙ ናቸው፤ ባለቤቴም ከእነሱ ወገን ነው። ስለዚህ ዓሣው ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄደ። ልሃጩን በጨውና በሎሚ ደጋግማ አሽታ አጠበች፣ ቆራርጣ ውስጡ ድረስ እስኪበስል ጠበሰችው። ጥሬ ዓሣ ለልጅ አይሰጥም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። ልጁ ሁለት ቁራጭ በልቶ ሦስተኛውን በሳህን ይዞልን መጣ። ባለቤቴ ሳህኑን አልነካም፤ ሽታው ግን ደስ እንደሚል ሳይወድ በግድ አመነ።