የጽጌ ሰሞን እንግዳ

አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን የምጽፈው ለመመስገን ሳይሆን ለመናዘዝ ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን፥ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷን ታስባለች። እኔም በአንድ የጽጌ እሑድ፥ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ማኅሌት አድሬ ጧት ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ከደጄ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማ አገኘኋት። ኤርትራዊት ስደተኛ ነበረች፤ የምትከራየው ክፍል ፈልጋ ነው። በጎፋ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ብዙ ኤርትራውያን ስለሚኖሩ፥ «ውጭ አገር ዘመድ አያጡም» የሚል ወሬ በሰፈራችን አለ። ይህንኑ አምኜ፥ ለአገሬ ሰው የምጠራውን ኪራይ እጥፍ አድርጌ ነገርኋት። እርስዋም አልተከራከረችኝም፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ልጅዋን አስተካክላ አዝላ ሄደች።

ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንዲት ስደተኛ እናት ስዘምር አድሬ፥ ሲነጋ ሌላይቱን ከደጄ መለስሁ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራት መብት ሰጥቶታል። በአከራይ ልብ ውስጥ ያለውን ሂሳብ ግን አዋጅ አያርመውም። በኪራይ ቤት የምትኖሩ ተማሪዎችና ሠራተኞችም፥ ዋጋ ሲጨመርባችሁ ምን እንደሚሰማችሁ ታውቁታላችሁ።

ክፍሉ በተለቀቀ ጊዜ፥ የሚመጣው ማንም ቢሆን በአንድ ዋጋ ላከራይ ቃል ገብቻለሁ።