ሐራም መሆኑን እያወቀ መተው ላቃተው ወንድማችን



ኸምር ሐራም መሆኑ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ዛሬ የምጽፈው ይህን እያወቀ መላቀቅ ስላቃተው ወንድማችን ነው። በየሰፈራችን አለ። መጀመሪያ የኋላ ሶፍ ላይ ይሰግዳል፤ አፉ እንዳይሸት ብሎ ሰው ሳይጨብጥ ይወጣል፤ ቀስ በቀስ ደግሞ ከመስጂድ ይቀራል። እኛም «ጠፋህ» ብለን እንለፈዋለን።

ወደኔ መጥተው ያወሩኝ ልጆች አጀማመራቸው ይመሳሰላል። መጀመሪያ ጫት፣ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ተብሎ አንድ ሁለት ቢራ፣ ከዚያ ጫቱ ቀርቶ መጠጡ ብቻ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መስጂድ የኢማማችን ረዳት ነኝ። አንድ ወጣት ከዒሻ በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ «ኡስታዝ፣ እቶብታለሁ፣ እመለሳለሁ። በራሴ ሰለቸሁ» አለኝ። የተውበት መስፈርቶችን መድረሳ ተምረናል፦ ወንጀሉን መተው፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ። እሱም ሦስቱንም በቃሉ ያውቃቸዋል። የጎደለው እውቀት አልነበረም። የጎደለው፣ ማታ እግሩ ወደ ግሮሰሪ ሲያመራ «የት ነህ?» የሚለው ሰው ነበር።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሄድን። ይህን ልብ በሉልኝ! ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ሲብስ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፤ ሊሞትም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ነገር የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት አካባቢ ነው። ቤተሰብ ግን «ጂን ነው» ብሎ ቤት ይዘጋበታል። ሩቂያው ይቀራለት፤ ሆስፒታልም ይሂድ።

ሐኪሙ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባል የመረዳጃ ስብሰባ ጠቆመን። በ1935 አሜሪካ፣ አክሮን ከተማ ውስጥ የተጀመረ ነው። መሥራቾቹ አንድ የአክሲዮን ገበያ ሰውና አንድ ቀዶ ሐኪም ሲሆኑ ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ ነበሩ። ክፍያ የለውም። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጠጥ የማቆም ፍላጎት።

ወንድሜን ሁለት ነገር ከበደው። አንደኛ፣ አዳራሹ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ አላህ የሸፈነለትን ወንጀል ሰው ፊት መናገር። ሸይኻችንን ጠየቅናቸው። «በወንጀሉ የሚፎክርና ቁስሉን ለሐኪም የሚያሳይ አንድ ናቸው እንዴ? መድኃኒት ስትገዛስ የፋርማሲውን ባለቤት ሃይማኖት ትጠይቃለህ? አምልኳቸውን ልትካፈል አይደለም የምትሄደው» አሉት። ከዚያ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ በመጠጥ ደጋግሞ የቀረበውን ሰው አስታወሱት። አንዱ ሲረግመው ረሱል ከለከሉ፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ወንድሜ ይህን ሲሰማ አለቀሰ።

ለእንግዳ ክፍት በሆነ ቀን አብሬው ገባሁ። እዚያ የሰማሁትን አልነግራችሁም፤ የእነሱ ሕግ ነው፣ እኛም ዘንድ አማና ነው። አሠራሩን ግን ልንገራችሁ። ወንበር ክብ ይደረጋል። ስም እንጂ የአባት ስም አይጠየቅም። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይፈርድም። «ዕድሜ ልኬን» አይባልም፤ «ዛሬ አልጠጣም» ነው። ዓመታት የቆየው ለአዲሱ ስልኩን ይሰጠዋል፤ ሲፈተን ይደውላል። መጨረሻ ላይ ጸሎት አደረጉ፤ ወንድሜ ዝም ብሎ የራሱን ዱዓ አደረገ። ማንም «ለምን?» አላለውም። 12 እርምጃዎች አሏቸው፤ እያንዳንዱ ሰው ፈጣሪን እንደሚረዳው ወደ እርሱ እንዲመለስ ይላሉ። ለእኛ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ስንወጣ «ኡስታዝ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር መስጂድ ውስጥ ቢኖርኮ ሩቅ አልሄድም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። አሜሪካ ያሉ ሙስሊሞች በ1989 ባልቲሞር ውስጥ ሚላቲ ኢስላሚ የሚባል ጀምረዋል፤ 12ቱን እርምጃዎች በኢስላም መንገድ አስተካክለው ይሰባሰባሉ። እኛስ ምን ይጎድለናል? የመድረሳ ክፍል በሳምንት አንድ ምሽት ባዶ ነው። ወንበር አለ፣ ሻይ አለ።

አስቡት፣ ኸምር በእርከን ነው የተከለከለው። የመጨረሻው ክልከላ ሲመጣ የመዲና ሰዎች በየቤታቸው ያለውን አውጥተው መንገድ ላይ ደፉት። ማንም ብቻውን አልተወም፤ ሰፈሩ አብሮ ተወ። ዛሬ ግን ልጃችንን «ብቻህን ተው፣ ስትተው ና» እንለዋለን።

ወንድሜ አንድ ጊዜ ወድቆ ነበር። በማግስቱ ተመልሶ ስብሰባው ሄደ፤ «እንኳን ደህና መጣህ» አሉት። አሁን ስንት ወር ሆነው አትበሉኝ፤ የእሱ ሒሳብ ነው። ሱብሒ ግን አብረን እንሰግዳለን፣ አልሐምዱሊላህ።

አንተ ይህን ተደብቀህ የምታነብ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፦ ከምታምኑት አንድ ሰው ጋር ዛሬ ተነጋገሩ። ብዙ የምትጠጡ ከሆነ ሳታቆሙ በፊት ሐኪም አማክሩ። የመስጂድ ኮሚቴ የሆናችሁ ደግሞ ያቺን ክፍል ክፈቱልን። የሰማችሁትን ነውር ለሰው አታውሩ።

አላህ የተፈተኑትን ያግራላቸው፤ እኛንም ደጅ የምንዘጋ ሳይሆን እጅ የምንዘረጋ ያድርገን። አሚን።