የዮንግ አምስት ጭረቶች

በቻይና ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሽ ለሚጨብጥ ተማሪ መምህሩ ቶሎ ከሚያስጽፉት ፊደላት አንዱ ዮንግ ነው። ፍቺው «ዘላለም» ነው፤ ጭረቱ ግን አምስት ብቻ። የተመረጠውም ስለ ፍቺው አይደለም። የቻይና ቁም ጽሕፈት የሚቆምባቸው ስምንት የእጅ ስልቶች ሁሉ በዚህ ትንሽ ፊደል ውስጥ ስለሚገኙ ነው። አምስት ጭረት ስምንት ስልት እንዴት ይይዛል? ሁለተኛው ጭረት፣ ብሩሹ ከወረቀቱ ሳይነሣ፣ አግድም ይሄዳል፣ ታጥፎ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ይቆለመማል፤ ሦስት ስልት በአንድ ትንፋሽ። ሦስተኛውም ሁለት ይይዛል።

ተማሪው የሚጽፍበትን ሳጥን አንድ መስቀልና ሁለት ሰያፍ መስመሮች ከፋፍለውታል። የመጀመሪያው ጭረት፣ ነጥቡ፣ ከአናት ዝቅ ብሎ፣ ከመሀለኛው መስመር ላይ ያርፋል። ነጥብ ሲባል ጠብ የተደረገ ቀለም አይደለም፤ የብሩሹ ጫፍ ገብቶ፣ ተጭኖ፣ ዞሮ፣ ወደ መጣበት ተመልሶ የሚነሣበት ሙሉ ሥራ ነው። መንጠቆው ጋ ሲደረስ እጅ ይቆማል፣ የተበተነው ጠጉር ይሰበሰባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግራ የሚፈናጠረው። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ጭረት ነው። ቀጥኖ ይጀምርና ወደ ቀኝ እየወረደ፣ እየወፈረ ሄዶ እግሩ ላይ ለአፍታ ይረጋል፤ ብሩሹ ቀስ ብሎ ሲነሣ ጫፉ እንደ ማጭድ ይሾላል። በአንሁይ ግዛት የሚሠራው ሹዋን ወረቀት ቀለም ቶሎ ስለሚመጥ ያመነታ እጅ ወዲያው ይታወቃል፤ በቆመበት ቦታ ጥቁሩ ይሰፋል። መፋቅ የለም፣ መደለዝ የለም።

የጭረቶቹ ቅደም ተከተል ለጀማሪ የመምህር ግትርነት ይመስለዋል። አይደለም። በፈጣኑ ጽሕፈት ብሩሹ ከጭረት ወደ ጭረት ሲሻገር ዱካውን ይተዋል። ቅደም ተከተሉን እጁ የሚያውቅ ሰው ያንን ዱካ ተከትሎ ያነባል።

የፊደሉ ዝና ከአንድ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ353 በጸደይ ወራት ዋንግ ሺዥ የተባለው ባለሥልጣንና የጽሕፈት ሊቅ ዛሬ ሻኦሺንግ በምትባለው ከተማ አጠገብ ወዳጆቹን ሰበሰበ። በጅረት ላይ ጽዋ እያንሳፈፉ ሲጠጡና ግጥም ሲገጥሙ ዋሉ፤ ለግጥሞቹ መግቢያውን የጻፈው እሱ ነው። የመግቢያው የመጀመሪያ ፊደል ዮንግ ነው፤ የዘመኑ ስም በዚህ ፊደል ስለሚጀምር። እየዘለቀ ሲሄድ ግን ጽሑፉ ደስታ እንደሚያልፍ፣ ዕድሜም አጭር እንደሆነ ይተክዛል። በ«ዘላለም» የተጀመረ ወረቀት ስለሚያልፍ ነገር ማዘኑ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ዋናው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ከታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ከታይዞንግ ጋር ተቀበረ ይባላል። በቤጂንጉ የቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚገኘው ዝነኛው ቅጂ በታንግ ዘመን የተሠራ ግልባጭ ነው።

እንግዲህ ዓለም የሚያደንቀው ዮንግ በገልባጭ እጅ የተረፈ ነው። መቅዳትን የሚንቅ ሰው የእኛን ብራናዎች ያስታውስ፤ ዳዊቱም ድርሳኑም እኛ ዘንድ የደረሱት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ፣ በእኛ ዘንድ ቁም ጸሐፊነት ራሱን የቻለ ሙያ ስለነበር ንባብ ያደላደለ ሁሉ መቃ አይጨብጥም ነበር። በቻይና ግን የተማረ ሰው ማለት በእጁ የሚጽፍ ሰው ነበር።

ዛሬ ያ እየላላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የጸደቀው፣ ቻይንኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈው ፒንዪን ስልክ ውስጥ ገብቷል። የ«ዮንግ»ን ድምፅ ሲጽፉ ስልኩ «መጠቀም»ን፣ «ጀግንነት»ን፣ «መዋኘት»ን የሚሉትን ፊደላት ሁሉ ይደረድራል፤ የሚፈለገውን በጣት መንካት ነው። ቻይናውያን ራሳቸው ብዕር ሲያነሡ ፊደሉ ይጠፋብናል ይላሉ። ዓይን ያውቀዋል፣ እጅ ረስቶታል። ይህ እንደ ትንሽ ጉዳት አይታየኝም፤ ፊደሉ የተሠራው በእጅ ነውና።

በእጁ የጻፈው ሰው የፊደሉን ዝምድናም ያያል። ዮንግ በጥንቱ መዝገበ ቃላት ትንታኔ ረጅም ወራጅ ውኃን ያሳያል፤ በካንግሺው መዝገበ ቃላትም የሚገኘው «ውኃ» በሚለው ሥረ ፊደል ሥር ነው። በግራው ሦስት የውኃ ነጠብጣብ ሲጨመርበት «መዋኘት» ይሆናል፣ ድምፁም አይለወጥም። በዛሬው ንግግር ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይሄድም፤ «ሩቅ» ከሚለው ፊደል፣ ከዩዋን ጋር ተጣምሮ ዮንግዩዋን፣ «ለዘላለም»፣ ይባላል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩትም ሆነ በየቤታችሁ ቻይንኛ የምትማሩ ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችሁ ለሥራ እንደምትማሩት፣ ለሥራ ደግሞ ንግግሩና ስልኩ የሚበቃ እንደሚመስላችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ካሬ ደብተር ግዙ፤ ብሩሽ ባይገኝ እርሳስ ይበቃል። ዮንግን በቅደም ተከተሉ፣ እጃችሁ እስኪፈታ ድረስ ጻፉት። ከዚያ ወደ ዩዋን እለፉ፤ እሱ ሰባት ጭረት አለው።