ዝምተኛው ደባል

«ቫይረስ» የምትለው ቃል ከአፌ እንደወጣች የአራሷ ፊት ተለወጠ። መጀመሪያ ልጇን አየች፤ ቀጥላ ባሏን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው እናቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ በሕክምና አስተርጓሚነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። (ይህን እንዳካፍል ቤተሰቡ ፈቅዶልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ግን አልጻፍኩም።) በእኛ ቋንቋ «ቫይረስ አለባት» ከተባለ «የትኛው?» ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ እያወቅሁ፣ ዶክተሯ ያለችውን እንዳለ ወረወርኩት።

«ኤች አይ ቪ አይደለም፣ እህቴ» አልኳት ቶሎ ብዬ። ክፍሉ ተነፈሰ። ለዶክተሯም ምን እንደተፈጠረ አስረዳኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ፣ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ፣ አዲስ የተወለደን ሕፃን ሁሉ ከተረከዙ በሚወሰድ የደም ጠብታ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ለሚባል ተሕዋስ ትመረምራለች። ስሙ ምላስ ያስራል። «ሳይቶ» ሕዋስ፣ «ሜጋሎ» ግዙፍ ማለት ነው፤ የገባበትን ሕዋስ ስለሚያሳብጥ የወጣለት ስም ነው። ሐኪሞቹም ስለሚረዝምባቸው ሲኤምቪ ይሉታል። የዚህ ሕፃን ውጤት «አለበት» የሚል ነበር።

ዶክተሯ ቀጠለች። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለን አዋቂዎች ምናልባት ሁላችንም ተሸክመነዋል። አፍሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው ገና በልጅነቱ ይይዘዋል። በምራቅ፣ በሽንት፣ በእንባ፣ በጡት ወተት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ጤነኛን ሰው ሲይዘው ወይ ምንም አይሰማውም፣ ወይ ጉንፋን መሳይ ትኩሳትና ድካም ጥሎበት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን አይወጣም፤ ዕድሜ ልክ ተኝቶ ይኖራል።

እማማ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «እንዴ! ደባል ነው በሉኛ!»

ይኸውላችሁ፣ እኔ ስፈልገው የነበረውን ቃል እሳቸው አገኙት።

ደባሉ ዘመዶችም አሉት። ከንፈራችን ላይ ወጥቶ «ምች መታኝ» የሚያሰኘን ቫይረስ የዚሁ ቤተሰብ ነው። በልጅነት ጉድፍ ሆኖ መጥቶ፣ በእርጅና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ የሚመለሰውም እንደዚሁ። የሁሉም ጠባይ አንድ ነው፦ አንዴ ይገባሉ፣ ይደበቃሉ፣ ባለቤቱ ሲደክም ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ከሲኤምቪ ጋር በተያያዘ ዋናው ጥያቄ «አለብኝ ወይ?» የሚለው አይደለም። «መቼ ነው የሚያስፈራኝ?» የሚለው ነው።

መልሱ በጥቅሉ ሁለት ነው፤ ሰውነት ሲዳከም፣ እና ማኅፀን ውስጥ ላለ ልጅ።

የመጀመሪያውን የእኛ ትውልድ ያውቀዋል፣ በስሙ ባይሆንም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን፣ የሲዲ ፎር (የመከላከያ ሕዋስ) ቁጥራቸው ከ50 በታች የወረደ ሰዎችን ዓይን ያጠፋ የነበረው ይኸው ደባል ነው። የዓይንን የውስጥ መጋረጃ ይበላል። ጥቁር ነጠብጣብ መንሳፈፍ፣ ብልጭታ፣ ብዥታ ምልክቶቹ ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የኤች አይ ቪን መድኃኒት በነፃ ማደል ስትጀምር የብዙ ሰው ዓይን አብሮ ተረፈ፤ የመከላከል አቅም ሲያገግም ደባሉ ተመልሶ ይተኛልና። ዛሬም ቢሆን ዘግይቶ የተመረመረ ወይም መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። የአካል ንቅለ ተከላም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን አካል እንዳይገፋ የመከላከል አቅሙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ደባሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። በተለይ ሰጪው ቫይረሱ ኖሮበት ተቀባዩ ከሌለበት ያሰጋል። ለዚህም ለወራት የመከላከያ ክኒን ይሰጣል።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል? ዋናው ጋንሲክሎቪር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈቀደ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። በአፍ የሚወሰደው ወንድሙ ቫልጋንሲክሎቪር በ2001 መጣ። ቫይረሱ ራሱን ሲያባዛ ቤት እንደሚሠራ ግንበኛ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጡብ መስሎ ገብቶ ግንባታውን የሚያስቆም ሐሰተኛ ጡብ። የሚገርመው፣ መድኃኒቱን መጀመሪያ የሚያነቃው የቫይረሱ የራሱ መሣሪያ ነው። ግን ልብ በሉ፤ መራባቱን ያስቆመዋል እንጂ ደባሉን ከቤት አያስወጣውም። ዋጋም ያስከፍላል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ በየጊዜው ደም መመርመር ግድ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ለዚህ ምንም አይፈይድም።

ወደ ሕፃኑ ልመለስ። አሜሪካ ውስጥ ከ200 ሕፃናት አንዱ ሲኤምቪ ይዞ ይወለዳል። ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ ዘላቂ ጉዳት ያገኘዋል፤ ከሁሉም በላይ የመስማት ችግር። አንዳንዱ ሲወለድ ይሰማል፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ግን ጆሮው እየደከመ ይሄዳል። እናት ያኔ «ምን አድርጌ ነው?» ትላለች፤ ጎረቤት እርግማን ይላል፣ ልክፍት ይላል።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው አንድ ቁጥር ነው፦ 21 ቀን። ሕፃኑ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት እንደመጣ በሽንት ወይም በምራቅ ምርመራ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው። ካለፈ፣ ከተወለደ በኋላ ከያዘው ጋር ይምታታል። ምልክት ላለበት ሕፃን ደግሞ ሕክምናው በመጀመሪያው ወር ተጀምሮ ስድስት ወር ሲሰጥ የመስማትና የእድገት ውጤቱን እንደሚያሻሽል እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

የእኛ ሕፃን ሽንቱ ተመርምሮ ውጤቱ ተረጋገጠ። ጆሮው ይሰማል፣ የጭንቅላቱ አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው። ስለዚህ መድኃኒት አልታዘዘለትም።

አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ፦ «በሽታው አለ ተብሎ እንዴት መድኃኒት የለም ይባላል?»

ዶክተሯ የመለሰችለት ይህን ነው፦ ለደህና ሕፃን የመድኃኒቱ ጉዳት ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል፤ የእሱ ሕክምና ጆሮውን በየቀጠሮው ማስመርመር ነው። አስተርጉሜ ስጨርስ፣ አገሬ ውስጥ ከሐኪም ቤት ያለ መርፌ ከወጣ ያልታከመ የሚመስለው ስንቱ እንደሆነ አሰብኩ።

አራሷ በመጨረሻ የፈራችውን ጠየቀች። «እኔ ነኝ ያስያዝኩት?» ትልቁ፣ የሁለት ዓመት ልጇ ዴይኬር ይውላል። የተረፈውን ትበላለታለች፣ ማንኪያውን ቀምሳ ታጎርሰዋለች፣ አፉን ትስመዋለች። ሕፃናት ቫይረሱን በምራቅና በሽንት ለወራት፣ ለዓመታትም ሊያወጡት ይችላሉ። በጉርሻና በስሞሽ የሚገባን ነገር ማን ጥፋት ይለዋል? ድሮ ይዟት የነበረች እናትም ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ዕድሉ ቢያንስም።

ለነፍሰ ጡሮች ግን ይህን ልበል። ዳይፐር ከቀየራችሁና ንፍጥ ከጠረጋችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የልጁን ማንኪያ አትጋሩ፤ ግንባሩን ሳሙት። ክትባት እስካሁን የለውም። እስራኤል ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ በእርግዝና መጀመሪያ አካባቢ የተያዙ ሴቶች ቫላሲክሎቪር በከፍተኛ መጠን ሲወስዱ ወደ ልጁ መተላለፉ ከ30 በመቶ ወደ 11 በመቶ መውረዱን አሳይቷል፤ ይህ ግን በሐኪም ብቻ የሚወሰን ነው። በቀኑ የተወለደ ጤነኛ ልጅ ያላችሁ፣ በዚህ ፈርታችሁ ጡት አትከልክሉ።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ አንድ ነገር ቆጠቆጠኝ። «ኤች አይ ቪ አይደለም» ያልኩት ለማረጋጋት ነበር። ቢሆንስ ኖሮ? ኤች አይ ቪ ያለባት እናት እዚያ ወንበር ላይ ብትሆን፣ የእኔ «አይደለም» ለሷ ምን ይላት ነበር? ከሲኤምቪ ይበልጥ መጠበቅ ያለባትም እሷ ናት።

ስለዚህ አጀማመሬን ቀየርኩ። ቀጠሮው ከመጀመሩ በፊት እንዴት እንደምጀምር ለዶክተሯ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ዞር ብዬ «ደባል ኖሮባችሁ ያውቃል?» እላለሁ። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ይስቃል። እየሳቁ ያዳምጡኛል።