ሞተሩስ ይሠራል፤ ባትሪው ይሞላል ወይ?

ታክሲ ገፍታችሁ ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ጥያቄ ሳይሆን ሰላምታ ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ያዞራል፣ መኪናው "ትክ ትክ" ብሎ ዝም ይላል፣ ረዳቱ "ባትሪ ደክሞ ነው፣ አንዴ ገፋ ገፋ አድርጉልን" ይላል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ስለ ባትሪው የሚጨነቅ የለም። "እየሄደ ይሞላዋል!" ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን እየሄደ ስላልሞላለት መኪና ነው።

መኪናው ሞተርሆም የሚባለው ዓይነት ነው። ከፊት መሪ፣ ከኋላ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤትና ፍሪጅ ያለው፣ ቤትም መኪናም የሆነ ነገር። ባለቤቱ ታላቅ ወንድሜ ነው። የሚኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ነው (እዚያ ሰፈር እንጀራ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም)። በ2016 ዓ.ም. ክረምት እኔና አባባ ልንጠይቀው ስንሄድ "ሀገር ላሳያችሁ" ብሎ ወደ ሞዓብ ይዞን ሊሄድ ተነሳ። አዎ፣ የመጽሐፍ ቅዱሷን ሞዓብ ስም የያዘች ዩታ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቀይ ድንጋይ፣ ቀይ አፈር፣ እና በሐምሌ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት!

ችግሩ አባባ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የጉዞው ዋና ተሳፋሪ እኛ ሳንሆን ፍሪጁ ነበር ማለት ይቻላል።

"ፍሪጁ በምንድነው የሚሠራው?" ብዬ ወንድሜን ጠየቅሁት።

"በኋላ ባትሪዎቹ።"

"እነሱስ በምን ይሞላሉ?"

"መኪናው ሲሄድ በራሱ ይሞላቸዋል። የሸጠልኝ ሰውዬ ነው የነገረኝ።"

ጋዜጠኝነት ተምሬ ስጨርስ አእምሮዬ ውስጥ የቀረ አንድ ነገር ቢኖር "ምንጭህ ማነው?" የሚለው ነው። የወንድሜ ምንጭ እንግዲህ ሻጩ ነበር። ሻጭ ደግሞ ስለሸጠው ነገር ምን እንደሚል ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳችሁ። ሞተርሆም ሁለት የባትሪ ቤተሰብ አለው። አንዱ ከፊት ኮፈኑ ስር ያለው ነው፤ ሥራው ሞተሪኖውን አዙሮ ሞተር ማስነሳት ነው። ሌላው የቤቱ ባትሪ ነው፤ መብራት፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕ የሚያሠራው። የወንድሜ ሞተርሆም ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 12 ቮልት የሚሰጡበት፣ አዲስ በነበሩ ጊዜ ወደ 220 አምፒር ሰዓት የሚይዙ ናቸው። እንዲህ ያለ የሊድ ባትሪ እንዲበረክት ከተፈለገ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ፍሪጁ ሲነሳ 5 አምፒር ገደማ ይስባል። ከቀኑ ግማሹን ሰዓት ቢሠራ በቀን 60 አምፒር ሰዓት በላ ማለት ነው። በሁለት ቀን ግማሹ አለቀ!

እንዲሞላ የሚያደርገው መካኒኮቻችን ዲናሞ የሚሉት አልተርኔተር ነው። ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል፣ እሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ዲዮዶቹ ወደ ዲሲ ይቀይሩታል፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ ቮልቱን 14 አካባቢ ይይዘዋል። ከፊት ባትሪ ወደ ኋላው ረጅም ሽቦ ይሄዳል። መሀል ላይ ሪሌ አለ። ቁልፍ ሲከፈት ሪሌው ሁለቱን ያገናኛል፤ ሲዘጋ ይለያያል። የሚለያያቸው ሌሊት ፍሪጁ የፊቱን ባትሪ ጨርሶ ጠዋት "ገፋ ገፋ አድርጉልን" እንዳያስብል ነው። ብልህ አሠራር ነው፣ በወረቀት ላይ።

ሞተርሆሙ ከመነሳታችን በፊት ሁለት ቀን ደጅ ላይ ቆሞ ፍሪጁ ሲሠራ ከርሟል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ነዳን። ማታ ሞዓብ ስንገባ ግድግዳው ላይ ያለው የባትሪ ማሳያ አራቱንም መብራት አብርቶ "ሙሉ ነኝ" አለን። ተደስተን ተኛን።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆነ ዝምታ ቀሰቀሰኝ። ፍሪጅ ሲጠፋ ዝምታው እንዴት እንደሚያስደነግጥ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያደገ ያውቀዋል። ማሳያው አሁን አንድ መብራት ብቻ ነው ያለው። ወንድሜ ወዲያው ቁልፉን አነሳ። "ሞተሩን ላስነሳውና እስኪነጋ ሚኒሞ ላይ ይሥራ።"

እዚህ ላይ ቆም በሉ! ቆሞ የሚሠራ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ በመስኮትና በወለል ቀዳዳ ገብቶ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ለኢንሱሊኑ ብለን አባባን ልናጣ? "አይሆንም" አልኩት። እሱም አልተከራከረኝም። ደግሞ ሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር ዲናሞውን ቀስ ብሎ ስለሚያዞረው የሚሰጠው ከአቅሙ በጣም ያነሰ ነው፤ ማቀዝቀዣ ነፋስ ስለሌለም ይግላል። ትርፉ ትንሽ፣ አደጋው ትልቅ።

አባባ ተነስተው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። "ምን ያንጫጫችኋል? አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ እናታችሁ በማሰሮና በእርጥብ አሸዋ አይደል እንዴ የምታቆይልኝ?" አሉ። ማሰሮ አልነበረንም፤ በረዶ የያዘ የውሃ ማቀዝቀዣ ሳጥን ግን ነበረን። ኢንሱሊኑን በፎጣ ጠቅልለን አስገባነው። በረዶው ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፣ ምክንያቱም አንዴ ከበረደ (ከረጋ ማለቴ ነው) ይበላሻል፤ ቢቀልጥም አይመለስም።

ሲነጋ ከጎረቤት ተጓዥ ቴስተር ተውሰን ምርመራ ጀመርን። ሞተሩ እየሠራ የፊቱ ባትሪ ላይ ለካን፣ 14.2 ቮልት። ጎበዝ! ወደ ኋላ ሄደን የቤቱ ባትሪ ላይ ለካን፣ 13.1። ከአንድ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀረ!

አንድ ቮልት ምን አላት ትሉ ይሆናል። ለሊድ ባትሪ ብዙ ናት። ቆሞ ያረፈ ሙሉ ባትሪ ራሱ 12.7 ቮልት ገደማ አለው። በደንብ ለመሙላት ግን 14.4 አካባቢ የሚገፋው ይፈልጋል። በ13.1 ቻርጁ የሚንጠባጠብ ነው፤ የተንጠባጠበውንም ፍሪጁ ይቀበለዋል።

ቮልቱ የት ገባ? ግማሹ መልስ ሽቦው ነው። ሄዶ መልስ 12 ሜትር የሆነ፣ 13 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጤነኛ መዳብ እንኳ 40 አምፒር ሲያልፍበት ከ0.6 ቮልት በላይ ይበላል። የእኛው ሪሌ ደግሞ ውስጡ ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ የኔጋቲቩ መያዣም ዝጓል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የዲናሞው መቆጣጠሪያ የሚያየው የፊቱን ባትሪ ነው። የፊቱ ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ከወጣበት ጥቂት ነው፣ ቶሎ ይጠግባል። እሱ ሲጠግብ መቆጣጠሪያው "ሁሉም ጠግቧል" ብሎ ያስባል። ኋላ ያለው ቢራብ የሚነግርለት የለም።

ማሳያውስ ለምን ዋሸ? አልዋሸም፤ የጠየቅነው ሰዓት ነው የተሳሳተው። ማሳያው የሚለካው ቮልት ነው። ሞተር እየሠራ ወይም ገና እንደቆመ ሲታይ ቮልቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ባትሪው ያለ ሥራ ጥቂት ሰዓት አርፎ ነው እውነተኛው ነገር የሚታወቀው። ያኔ 12.1 ካለ ግማሽ ላይ ነው።

ከተማዋ ውስጥ አዲስ ሪሌ ገዛን፣ የዛገውን ፈትገን አሰርነው፤ የኋላው ከ13.1 ወደ 13.7 ወጣ። ለመመለሻ በቃን። አውሮራ ስንገባ ወንድሜ ዋናውን መፍትሔ አስገጠመ፤ ከዲሲ ወደ ዲሲ ቻርጀር ይሉታል። በሽቦው ተዳክሞ የመጣውን ቮልት ተቀብሎ ባትሪው ወደሚፈልገው ከፍ አድርጎ ይሰጣል። የእሱ 30 አምፒር ነው። ሦስት ሰዓት መንዳት ወደ 90 አምፒር ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ የፍሪጁ የአንድ ቀን ቀለብ ከነትርፉ። ሊድ ባትሪ ሊሞላ ሲቃረብ ቀስ ስለሚል የመጨረሻው 20 በመቶ ሰዓታት ይፈጃል፤ ያንን በማደሪያ ቦታ ሶኬት ወይም በሶላር መጨረስ ነው።

"ሊቲየም ላስገባ?" የምትሉ ካላችሁ፣ ይሄ ቻርጀር ለእናንተ ይብሳል። ሊቲየም የተሰጠውን ሁሉ የሚውጥ ሆዳም ነው፤ በተራ ሪሌ ከተገናኘ ዲናሞውን እስኪያቃጥል ሊስበው ይችላል። ቻርጀሩ ልክ ያበጅለታል። ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ሊቲየምን መሙላት ይጎዳዋል፤ የኮሎራዶ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ሞተርሆም ልትገዙ ነው ብዬ አይደለም (ከገዛችሁ ግን ጋብዙኝ!)። ውሃ መለቀቁን ከመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ከቧንቧው ነው የምንሰማው። ገንዘብ "ተልኳል" ሲባል እናት "ደርሶኛል" እስክትል እንጠብቃለን። ባትሪም እንደዚያው ነው። ፊት ላይ ያለው ዲናሞ 14.2 ሰጠሁ ይላል፤ እውነቱን ነው። የአባባን መድኃኒት የሚያቀዘቅዘው ግን የተሰጠው ሳይሆን የደረሰው ነው። ስለዚህ "ሞተሩ ይሠራል" ሲሏችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ከዚያ ቴስተሩን ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

አባባ አሁን አዲስ አበባ ናቸው፣ ደህና ናቸው። ወንድሜ ስለ አዲሱ ቻርጀር በስልክ አስረዝሞ ሲያወራላቸው ሰምተው ሰምተው "መልካም ነው ልጄ፤ ማሰሮም ግን ግዛ" አሉት።

ቸር እንሰንብት!