ለሚያመው ጉልበት፣ የጉለሌ ደን

እሑድ ማለዳ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የሚወጣን ሰው ቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ በ705 ሄክታር ላይ የተንጣለለው ይህ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ቁርጥማቱንም ሪሁንም «ብርድ ነው» ብለን ለምንገላገለው ለእኛ፣ ጉልበቷን የሚያማትን እናት እዚህ ማምጣት ድፍረት ይመስላል። ብርድ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ መገጣጠሚያን የሚጎዳው ግን እሱ አይደለም። ወፈር ያለ ሹራብና ጋቢ ይበቃል።

ትልቁ እንቅፋት ያለው ቤት ውስጥ ነው። «እማዬ፣ አንቺ አረፍ በይ» እንላለን። ገበያውን እንሄድላታለን፣ ውሃውን እናቀብላታለን፣ በፍቅርና በአክብሮት ወንበር ላይ እናስቀራታለን። የጉልበትን አጥንቶች ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል ግን የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ ከሚመላለሰው ፈሳሽ ነው። ሰው ብዙ ሲቀመጥ የጭኑ ጡንቻም ይሟሽሻል፤ ሸክሙ ያኔ ጉልበት ላይ ይወድቃል።

ዴንማርኮች ይህን አይተው በ2013 እ.ኤ.አ. ጉልበታቸውንና ዳሌያቸውን ለሚያማቸው ሰዎች የቡድን ሥልጠና ጀመሩ፤ ትምህርት ተጨምሮበት 12 ጊዜ አብሮ መሥራት ነው። በእኛም ከተማ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ «መንገድ ለሰው» በሚባለው ቀን አስፋልቱ ለእግረኛ ይለቀቃል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን በሙዚቃ የሚዘለለው ዝላይ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ለእነዚህ እናቶችና አባቶች የሚሻለው ቀስ ያለ፣ ወሬ ያለበት የእግር ጉዞ ነው። የዕድር ጎረቤቶች ለሐዘን ብቻ ከሚሰባሰቡ፣ በወር ሁለቴ ተያይዘው ወደ ጉለሌ ቢወጡስ?

የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባቋቋሙት በዚህ ማዕከል፣ ባሕር ዛፍ በሞላው ተራራ ላይ ጽዱና ኮሶው ቦታውን እያስመለሰ ነው። የአፈሩ መንገድ ከአስፋልት ይልቅ ለእግር ይለሰልሳል፤ ዝናብ ከዘነበ ግን ያንሸራትታል፤ በክረምት መቅረት ይሻላል። የመጀመሪያ ቀን ሜዳማውን መርጠው አሥር ደቂቃ ሄደው ይመለሱ። ዳገቱ ትንፋሽን ይፈትናል፤ ጉልበትን የሚፈትነው ቁልቁለቱ ስለሆነ በአጭር እርምጃ ይውረዱ። ከዘራ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዛል፤ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል።

ከጉዞው በኋላ ሕመሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ የዕለቱ መንገድ በዝቷል፤ በሚቀጥለው ያሳጥሩ። ጉልበቱ ካበጠና ከጋለ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ሰውነት ሳይፍታታ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው። ደህና ከሆኑ ደግሞ ሲደክሙ አግዳሚ ወንበር ፈልገው ይቀመጡ፤ ሲነሡም እጅ ሳይደገፉ ይሞክሩት። ልጆችም እጃቸውን ለመዘርጋት አይቸኩሉ።